ስሟን ያጠፋሁት መኪና

ይህ ታሪክ ስለ አንዲት ዝገት የበላት መኪና ነው። ትገዛ ወይስ ትቅር የሚለው ነገር የተቆረጠው እንጅባራ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜና በአንድ እሑድ ነው። ዛሬ ሳስበው ያን ቅዳሜ ጠዋት ከጭነት መኪና ላይ የወረደችውን ልጅ «እኔ ነኝ» ማለት ይከብደኛል። ያም ሆኖ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ሳላሳምራት እነግራችኋለሁ።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ ማለቂያ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተምሬ፣ እንደ ደንቡ አንድ ዓመት አገልግሎት እንድሰጥ በተወለድኩባት ዳንግላ በአስተማሪነት ተመድቤ ነበር። ዓይን አፋር ነበርኩ። ተማሪዎቼ «መምህርት ስንዱ የምታስተምረው ጥቁር ሰሌዳውን ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ እንደነበር አውቃለሁ። የምናገረው ጥቂት ስለሆነ የምናገረውን በጣም እመርጥ ነበር። ደብዳቤ ስጽፍ አንዷን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አርሜ ነው የምልካት። ይህን ጠባዬን ሰዎች ጨዋነት ይሉት ነበር፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

እጮኛዬ አስናቀ ዳንግላ በሚገኝ የመንገድ ሥራ ካምፕ መካኒክ ነበር። የእንጅባራ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በአዊኛ ነው። እኔ ደግሞ አባቴ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ለጽሕፈት ሥራ የመጣ ሰው ስለነበር ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ ከአዊኛ ከሰላምታ ያለፈ አላውቅም። ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተወስኖ ነበር።

አስናቀ አንድ ፈረስ ነበረው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት የእናቱ ወንድም አያ ቢሻው ናቸው፤ ፈረሱንም የሰጡት እሳቸው ናቸው። በሠርጉ ቀን ያንን ፈረስ ሸልሞ፣ በእሱ ላይ ሆኖ እንዲመጣ ነበር ሐሳባቸው። «የአገው ልጅ ያለ ፈረስ ሙሽራ ሲሆን ካየሁ ዓይኔን ጨፍኜ አሳልፈዋለሁ» ይሉ ነበር። ከዚያ አስናቀ እንጅባራ ላይ አንዲት መኪና አየ። የመኪናዋ ባለቤት ደግሞ የምትፈልገው ፈረስ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄድን። ለቤተሰቤ እንጅባራ የምታስተምር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋ እንደማድር ነው የነገርኳቸው፤ እውነትም ነበር። ከጭነት መኪናው ስንወርድ ጉሙ ገና አልተነሣም። አስናቀ ከፊት ከፊቴ ይራመዳል። ሁለት ጊዜ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ሦስተኛውን ረሳኝ።

ግቢው ዙሪያውን በቀርከሃ የታጠረ ነው። መኪናዋ ከአንድ ትልቅ ብሳና ሥር ቆማለች። ጣሊያን ጥሏት የሄደ ትንሽ መኪና ናት። ቀለሟ ምን እንደነበር መለየት አይቻልም፤ ከላይ የዛፍ ሽበት አብቅላለች፣ ጎማዎቿ እስከ እምብርታቸው መሬት ገብተዋል፣ በሾፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣለች። እኔ ያየሁት ይኼንን ነው። አስናቀ ምን እንዳየ እንጃ። ጃኬቱን አወለቀና ፊቱን ሳያዞር አቀበለኝ፤ ግድግዳ ላይ ላለ ሚስማር እንደሚሰጥ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀረበና መዳፉን በኮፈኗ ላይ አሳረፈ። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ይዞኝ ሳምንት ስተኛ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ግንባሬን አልነካውም።

«ዛሬስ እመቤቲቱንም ይዘኸልኝ መጣህ!» አለች አንዲት ሴት ከቤት ወጥታ።

ጥሩዬ ናት፤ የመኪናዋ ባለቤት። ሠላሳ ቢሆናት ነው። ባሏ ፈንቴ በጫግኒና በእንጅባራ መካከል እህል የሚነግድ ሰው ነበር፤ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጥቁሩን አውልቃለች። ረጅም ናት፤ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። እኔ ስስቅ አፌን በእጄ ነው የምሸፍነው።

«ነይ የኔ እመቤት፣ እንዲህ ስትቆሚ እግርሽ ይበርዳል። ዶሮዋን ካላስቀየምሻት ከኋላ ወንበር አለልሽ።»

«ደህና ነኝ» አልኩ።

«ደህና ነኝ ትላለች! ከንፈርሽኮ ኮሶ የጠጣ ሰው ከንፈር መስሏል።»

አስናቀ መኪናዋ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ከዚያው ሆኖ በአዊኛ አንድ ነገር አለ። ጥሩዬ መለሰችለት። እንደገና አንድ ነገር አለ፤ ይሄኔ ሳቋ መጥቶ በሩን ተደግፋ ቆመች። እኔም ቋንቋ የማያውቅ ሰው ፈገግ እንደሚለው ፈገግ አልኩ። የሚያወሩት ስለ እኔ ይሆን? ስለ ኮሶ ከንፈሬ ይሆን? ጃኬቱን አጥብቄ ይዤው ነበር።

ቆይቶም ጎንበስ ብላ ከጎኑ ተንበረከከችና በጣቷ አንድ ቦታ አሳየችው።

«ዘይቱ የሚያፈሰው እዚህ ጋ ነበር» አለች በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል። «ፈንቴ ከፊት ቆሞ ሞተሯን ለማስነሣት ማኑቬላውን ሲያዞር መሪው ላይ እኔ ነበርኩ። የእንጅባራ ሰው ‹ሴት ብረት ነዳች› እያለ አጥር ላይ ይንጠለጠል ነበር።»

መሪ ይዛ ታውቃለች ማለት ነው። እኔ በቅሎ ላይ እንኳ ስወጣ አባቴ ነው የሚይዝልኝ።

አስናቀ ሲወጣ ግንባሩ በዝገት ቀልቶ ነበር። ጥሩዬ የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋችለት፤ ጠረገበት። አንድ ቅጽበት ነው። ሁለቱም ልብ ያሉት አይመስለኝም። እኔ ግን ዛሬ ድረስ የነጠላውን ጥለት ልነግራችሁ እችላለሁ።

«ሞተሯ አልሞተም፣ ስንዱ!» አለኝ ወደ እኔ መጥቶ። ዓይኑ ያበራል። «ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ፓራፋንጎውን እኔው ቀጥቅጬ አወጣዋለሁ። ጎማ ካምፕ የተጣለ አይጠፋም። አንድ ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እየመጣሁ ብሠራባት ዳንግላ ድረስ እየነዳሁ አመጣልሻለሁ።»

«እዚህ ነው የምትሠራት?»

«ታዲያ የት? ብትነቃነቅ እኮ ትበተናለች።»

«ፈረሱስ?»

«ጥሩዬ ብር አልፈልግም፣ ጫግኒ እህል የሚያወርድልኝ እንስሳ ስጠኝ ነው የምትለው። አያ ቢሻው አይተው ከፈቀዱ ፈረሱን እሰጣታለሁ። ለሠርጉ ከሰው እንዋሳለን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ካልፈለግሽ ግን ትቀራለች። በአንቺ ላይ አልወስንም። አሁኑኑ ንገሪኝ፤ እሺ በይኝ ወይ እንቢ።»

አንባቢዎቼ፣ ያቺን ደቂቃ ልብ በሉልኝ። የተጠየቅሁት አንድ ቃል ነበር። እንቢ ለማለት የሚያስከብር ምክንያት ሞልቶኛል፤ ፈረሱ የሠርግ ፈረስ ነው፣ መኪናዋ ፍርስራሽ ናት፣ ዓመት ረጅም ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ በዚህ ግቢ ውስጥ፣ ከዚህ ሳቅ አጠገብ። ይህን መናገር ማለት ልቤን ገልብጦ ማሳየት ነው። የተማረች ሴት ባሏ በሞተባት ባለ ጎጆ ቀናች ሊባል ነው።

«እንደፈለግክ» አልኩት።

በእኛ አገር ሴት «እንደፈለግክ» ስትል አስተዋይ ሰው ቆም ብሎ ያስባል። አስናቀ ግን መካኒክ ነው፤ የተባለውን እንደተባለ ነው የሚወስደው። ተደስቶ ወደ መኪናዋ ተመለሰ።

እኩለ ቀን ሲሆን አያ ቢሻው ከጥርባ በኩል በፈረስ መጡ። ስለ ፈረስ በዚያ አገር የሳቸውን ያህል የሚታመን ሰው አልነበረም፤ እሳቸው «ይሁን» ያሉት ይገዛል፣ «ይቅር» ያሉት ገበያ ውሎ ይመለሳል። ከቤታቸው ወጥቶ በሚሄድ ፈረስ ምትክ ምን እንደሚገባ ሳያዩ አይለቁም። የሰጡት ለእህታቸው ልጅ ቢሆንም ፈረሱ ዛሬም የቤታቸው ፈረስ ነው። ሰው መጣ ሲባል የፈንቴ ታላቅ ወንድም ደምሴም ከጎረቤት ግቢ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። የወንድሙን ቤት ከጥሩዬ እጅ ለማውጣት ሁለት ዓመት ሲከራከር የኖረ ሰው መሆኑን አስናቀ በጆሮዬ ነገረኝ።

አያ ቢሻው መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞሯት። እግሯን አዩ። ጎኗን በመዳፋቸው መቱና አዳመጡ።

«አፏን ክፈትልኝ» አሉ አስናቀን።

ኮፈኑ እየጮኸ ተከፈተ። አያ ቢሻው ጎንበስ ብለው ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ነካኩ።

«አራት ጥርስ ብቻ? ወይ ገና ልጅ ናት፣ ወይ አርጅታ ረግፎባታል!»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። የሚቀልዱት ከልባቸው ነው፤ የሚመረምሩትም ከልባቸው ነው።

«ሆዷ ውሃ ይይዝ እንደሆነ እንይ። ውሃ አምጡ።»

ጥሩዬ ሁለት እንስራ አነሣች፤ አንዱን አስናቀ ተቀበላትና ወደ ምንጩ ተያይዘው ወረዱ። ደምሴ ወደ ራሱ ግቢ ተመለሰ። እኔና አያ ቢሻው ቀረን። እሳቸው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ከቁልቁለቱ ሳቅ ተሰማ፤ መጀመሪያ የሷ፣ ከዚያ የሱ። እንስራ ይዞ ውሃ ሲወርድ የሚስቅ ሰው ነው እንግዲህ ሊያገባኝ ያለው!

«ልጄ» አሉ አያ ቢሻው፣ «ፈረስ ስትገዢ ጥርስ ማየት የልጅ ነው። ትልቅ ሰው የሚያየው ጌታውን ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ነገር ታውቂያለሽ፤ የዚች ጌታ እንዴት ሆኖ ሞተ?»

የማውቀውን ሁሉ አስናቀ ነግሮኝ ነበር። ፈንቴ የሞተው መኪናዋን ከገዛ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ ጫግኒ ወርዶ ወባ ይዞት ነው። ከሱ በፊት ባለቤቷ ዳንግላ ሱቅ የነበራቸው ሽማግሌ ዓረብ ነበሩ፤ እሳቸው በእርጅና ነው የሞቱት፣ ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም።

«የታመመው እሷን ከገዛ ወዲህ ነው አሉ» አልኩ።

ዓይናቸውን ወደ መኪናዋ መለሱ።

«ከሱ በፊት የነበረውስ?»

«እሳቸውም ሞተዋል።»

አንድም ውሸት አልነበረበትም። አያችሁ አይደል? ዓረፍተ ነገሬን እንደ ልማዴ መርጬ ነበር የተናገርኩት። ስድስቱን ዓመት ተውኩ፣ ወባውን ተውኩ፣ እርጅናውን ተውኩ፤ የቀረውን ጎን ለጎን አስቀመጥኩና ዝም አልኩ። የቀረውን ሥራ የሰውየው እምነት እንደሚሠራልኝ አውቅ ነበር። እኔ የማላምንበት፣ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ «ይህ ከንቱ ነው» የምልበት እምነት።

በዚያ አገር ጌታውን የሚያስቀብር ፈረስ «ገፊ» ይባላል። ሁለት ጌታ ካስቀበረ ቢያምርም፣ ቢሮጥም ማንም ከደጁ አያስገባውም። ስሙ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም።

አስናቀና ጥሩዬ እንስራቸውን ይዘው ሲመለሱ አያ ቢሻው ተነሥተው ቆመው ነበር።

«ውሃው ይቅር» አሉ። «አስናቀ፣ ፈረሴ ወደዚህ ግቢ አይገባም።»

«ምነው አያ? ምን አገኙባት?»

«ሁለት ጌታ አስቀብራለች። ገፊ ናት።»

ደምሴ አጥሩ ጋ ደርሶ ሰምቷል። በሁለት እጁ ቀርከሃውን ይዞ ተንጠራራ።

«አፍዎን ቅቤ ያርሰው፣ አያ ቢሻው! እኔ ስናገር ቂም ነው አሉኝ። ግን ብረት ምን ያውቃል? ብረት ሰው ይገፋል? ወንድሜን የገፋችው መሪውን የያዘችው ናት! ራስዎ መሰከሩልኝ!»

«ስለ ሰው አልተናገርኩም» አሉ አያ ቢሻው። ደምሴ ግን «ስሙልኝ! ስሙልኝ!» እያለ ወደ መንገዱ ወጥቶ ነበር።

ጥሩዬ እንስራዋን ቀስ ብላ አወረደች፤ ጠብታ አልፈሰሰም።

«ማን ነገርዎት?» አለች።

አያ ቢሻው መሬት መሬት አዩ። «ሰምቼ ነው» ብቻ አሉ። ወደ እኔ አላመለከቱም። ከዚያ ጥሩዬ ወደ እኔ ዞረች፤ አወቀች አልኩ በልቤ።

«ይቅርታ የኔ እመቤት» አለችኝ። «እንግዳ ሆነሽ መጥተሽ ይሄን ሰማሽ።»

አንባቢዎቼ ታዝኑብኝ እንደሆነ እዘኑብኝ፤ ያኔም ቢሆን ከሐፍረቱ በላይ ደስታው ነበር የሚሰማኝ። አንገቷ ወደ ኋላ አልተጣለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ያጠረች መሰለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ድንች ልንገዛ ገበያ ወጣን። ሻጯ ሴትዮ ድንቹን እየቆጠረች ከጎረቤቷ ጋር በአማርኛ ታወራለች።

«ፈንቴን የገፋችው እሷ ናት ተባለ እኮ።»

«ማን አለ?»

«አያ ቢሻው ራሳቸው! እሳቸው ያሉትን ደግሞ ማን ይመልሳል? ከእንግዲህ ከእጇ እህል ማን ይገዛል፣ እቴ!»

ከገበያው ዳር ጥሩዬ ከጆንያዎቿ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ግራና ቀኝ ያሉት ነጋዴዎች ጆንያቸውን ገፋ ገፋ አድርገው መካከል ላይ ሰው የሚያልፍበት ያህል ቦታ ትተዋል። አንድ ሰው ሊጠይቃት ቀርቦ ጎኑን ሲጎስሙት ተመለሰ። እኔ ድንቼን ይዤ ሌላ መንገድ ዞርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስናቀ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘኝ። ፊቱ ደክሟል።

«ደምሴ ሽማግሌ ሰብስቧል» አለኝ። «ከወንድሜ ቤት ትውጣልኝ ሊል ነው። አሁን፣ እዚያ ጥዱ ሥር።»

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር በሆዴ ያለው። «ትናንት ምን ነበር የምትስቁት?» አልኩት።

«መቼ?»

«መኪናዋ ሥር ሆነህ። በአዊኛ።»

ለማስታወስ ሞከረ፤ ከልቡ ነው የሞከረው። «እንጃ… ስለ ዶሮዋ ነበር መሰለኝ። ስንዱ፣ ሴትዮዋ ከቤቷ ልትወጣ ነው፤ አንቺ ስለ ሳቅ ትጠይቂኛለሽ?»

ስለ ዶሮዋ! አንድ ቀን ሙሉ ያነደደኝን ነገር እሱ አላስታወሰውም። ስለ ዶሮ ይሁን ስለ ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ በሳቃቸው ምክንያት ያደረግሁት ነገር ከሳቃቸው እጅግ ይበልጥ ነበር።

ጥዱ ሥር ስምንት ያህል ሽማግሎች ተቀምጠዋል። ሰው ከቦ ቆሟል። ጥሩዬ ብቻዋን ፈንጠር ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ደምሴ ይናገራል።

«አያ ቢሻው ይመስክሩ! ገፊ አላሉም?»

«ስለ መኪናዋ ብያለሁ» አሉ አያ ቢሻው። «ስለ ሰው አልወጣኝም።»

«ለብረት የሠራ ለሰው አይሠራም? አንድ ቤት፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ሬሳ!»

«ከማን ሰሙ ታዲያ?» አላቸው አንዱ ሽማግሌ።

አያ ቢሻው በሕዝቡ መካከል ዓይናቸውን አዙረው እኔ ላይ አሳረፉ፤ ወዲያው አነሡት። «ሰምቼ ነው» አሉ እንደገና። የእህታቸውን ልጅ እጮኛ በአደባባይ ከሚያዋርዱ የራሳቸውን ስም ለመስጠት ወስነው ነበር። ያን ስረዳ እግሬ ተንቀሳቀሰ። እኔ አላዘዝኩትም ማለት ይቀለኛል።

መካከል ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ ጆሯቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ልጄ።»

«እኔ ነኝ! ሰውየው የሞቱት በወባ ነው፤ ጫግኒ ወርደው። መኪናዋን ከገዙ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። የፊተኛው ባለቤት በእርጅና ነው የሞቱት። አውቄ ነው ያልተናገርኩት።»

አያ ቢሻው በትራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት ሳብ አሉ።

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«ምን አለች?»

«ቀንቼ ነው!»

«ምን ነው የምትለው ይቺ ልጅ?»

«ቀንቼ ነው አለች!» ብሎ አንዱ በሽማግሌው ጆሮ ጮኸላቸው። ሳቅ ተነሣ። ከኋላ ደግሞ «ትምህርት እንዲህ ነው!» የሚል ሰማሁ። አስናቀን አላየሁትም፤ ለማየት ድፍረት አልነበረኝም። ያየሁት ጥሩዬን ነው። ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ። ከምንም በላይ ያን ዓይን ነው የምፈራው፤ ዛሬም።

ሽማግሎቹ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ የተናገሩት አያ ቢሻው ናቸው።

«ደምሴ፣ ቤቱ የጥሩዬ ነው፤ ያን ቃል ካፍህ እንዳልሰማ። እኔም ሳላጣራ ፈርጃለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «የፈረስ ስም በገበያ ያጠፋ ሰው ያንኑ ፈረስ ባለቤቱ በጠራው ዋጋ ይወስደዋል፤ አባቶቻችን ያቆዩን እንዲህ ነው። ጥሩዬ፣ ምን ጠርተሽ ነበር?»

«ፈረስ» አለች።

«እንግዲያው ልጅቱ ፈረስ ታመጣለች። ከእኔ ቤት አይደለም፤ ከአስናቀም አይደለም። ከራሷ።»

እንዲህ ሆኖ ነው እንቢ ለማለት ያፈርኩባትን መኪና እኔው የገዛኋት።

ለሠርጌ ያጠራቀምኩት ደመወዜ ለፈረስ ሄደ። አባቴ ምክንያቱን ስነግረው ጥሊሊ ገበያ አብሮኝ ወርዶ አንዲት ጠንካራ ቀይ ባዝራ አስመረጠኝ። አስናቀ ከዚያ እሑድ ወዲህ ሊያየኝ አልመጣም። ባዝራዋን ይዤ እንጅባራ የገባሁ ቀን ግን ግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር።

ጥሩዬ ወጣች። ሰላም አላለችኝም። የባዝራዋን አፍ ከፍታ አየች፣ እግሯን አነሣች፣ ጀርባዋን በመዳፏ ተጫነች።

«ፈረሱን ተቀብያለሁ» አለች። «ይቅርታሽን ግን አቆዪው። ዕድሜው ገና አልታወቀም።»

አስናቀ ጉሮሮውን ጠረገ። «መኪናዋ አሁን ያንቺ ናት» አለኝ። «እንድሠራት ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ። እዚህ ግቢ ግን አይደለም።»

«ለምን?»

ጥሩዬ ሦስት ክንድ ርቃ ቆማ ትሰማለች። «እሷ እዚህ ስላለች» አልኩ። «አሁንም እቀናለሁ።»

አስናቀ ወደ እኔ ዞረ። «ይሄን ያን ቅዳሜ ብትይኝ ኖሮ እኮ፣ ስንዱ…» አለና ሳይጨርሰው ቀረ።

«ውሰዷት ታዲያ» አለች ጥሩዬ። «ስትወስዷት ዶሮዬን እንዳትረብሿት፤ ጫጩት ልታወጣ ሦስት ቀን ቀርቷታል።» ፈገግ አላለችም።

ሦስቱን ቀን ጠበቅን። ከዚያ መኪናዋን በበሬ አስጎትተን መንገድ አወጣናት፤ የካምፑ መኪና ዳንግላ አደረሳት። አስናቀ እንዳለው ግማሿ መንገድ ላይ ተበተነ። አንድ ዓመት ያለውን ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀበት። ሠርጋችን አንድ ዓመት ተራዘመ፤ ግን ሆነ።

ከዚህ ገጠመኝ ምን ተማርሽ የሚለኝ ሰው ከቅናት የዳንኩ እንዳይመስለው። አልዳንኩም። አስናቀ ከሴት ጋር በአዊኛ ሲስቅ ዛሬም ጆሮዬ ይቆማል። የተለወጠው፣ አሁን «ቀናሁ» ብዬ እናገራለሁ፤ ያፍርብኛል፣ ይስቅብኛል፣ ያልፋል። እናንተም ዓይን አፋሮች፣ ጨዋ ነን የምትሉ፣ እስቲ ዝምታችሁን ፈትሹት። እኔ ዝም ያልኩበት ቦታ ሁሉ ሌላ ሰው ከፍሎበታል።

በአደባባይ ስለተናዘዝኩ ነገሩ የተስተካከለ መስሎኝ ነበር። አልተስተካከለም። ሽማግሌ «ያን ቃል እንዳልሰማ» ቢልም የገበያ ሰው ጆሮ አንዴ የሰማውን አይመልስም። ጥሩዬ እንጅባራ ገበያ ተቀምጣ እህሏን መሸጥ የቻለችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እኔ ያመጣሁትን ባዝራ ጭና፣ ቁልቁለቱን ጫግኒ ድረስ እየወረደች፣ ስሟን በማያውቁት ሰዎች መካከል ትሸጥ ነበር።